የአባባ ድንጋይ

እናላችሁ ሰሞኑን እኛ ቤት ጭቅጭቅ የተነሳው በድንጋይ ነው። መወራወር የለበትም፤ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ይህች ድንጋይ ጃፓናዊት ናት ወይስ የደቻቱ ልጅ?

አባባ መጋላ ውስጥ ለብዙ ዓመት ፀጉር አስተካካይ ነበር። ያኔ ጺም የሚላጨው በታጣፊው ምላጭ ነው (ዛሬ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ይገባለታል፣ ተመስገን ነው)። ምላጩን የሚስልባት መዳፍ የምታህል አመድማ ድንጋይ ነበረችው። “ከአንድ የባቡር ሠራተኛ የገዛኋት ናት፣ የጃፓን ናት” ይላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ሱቁም አብሮ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ አባባ ደለል ሲቆፍር ውሎ አንዲት ድንጋይ ይዞ መጣ። “አገኘኋት” አለ። እማማ አየቻትና ዝም አለች። እኛም፣ ሦስቱ ወንድማማቾች፣ ዝም አልን። ደቻቱ ውስጥ ድንጋይ ማግኘት እኮ... አቦ ተዉን!

ዘንድሮ ነገሩ ተነሳ። ከውጭ አገር የመጣ የሰፈራችን ልጅ፣ የድሮ ምላጭ የሚሰበስብ፣ “የጃፓን ከሆነች ደህና ብር እከፍላለሁ” አለ። አባባ ደግሞ ያልከፈለው የቁልቢ ስለት አለበት። ስለትን በስለት ድንጋይ መክፈል ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ መርማሪዎች ሆንን።

ልጁ እንዳስረዳን፣ እነዚያ ስመ ጥር የጃፓን ድንጋዮች ከኪዮቶ አካባቢ ተራሮች የሚወጡ ናቸው። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ወለል ላይ የተቀመጠ ደቃቅ ጭቃ ነው ጠንክሮ ድንጋይ የሆነው። ናካያማ የሚባለውን ጨምሮ አብዛኞቹ ጉድጓዶች ተዘግተዋል፤ ውድነቱም ከዚያ ነው። ማኅተም ያለባቸው አሉ፣ ግን ማኅተም መምታት ማን ያቅተዋል? የአባባ ድንጋይ ደግሞ ኖሯትም ከሆነ ጎርፉ አጥቦታል።

የመጀመሪያው ፈተና አቸቶ ነበር። የድሬ ተራሮች ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሲሚንቶውም የሚሠራው ከዚያ ነው። የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው ይፈላል። ከጎኗ ትንሽ ዱቄት ፍቀን አቸቶ አንጠባጠብንባት። ጸጥ። ታናሻችን እልል ሊል ነበር፤ ታላቃችን ግን “ደቻቱ የአሸዋ ድንጋይም ያመጣል” ብሎ አቀዘቀዘን። በጥፍር ስንዳስሳት አሸዋ የለባትም። ውሃ ብናፈስባት ቶሎ አልጠጣችም። ፋብሪካ ሠራሽ እንዳትሆንም አየናት፤ እንደ ብስኩት አንድ ዓይነት አይደለችም፣ እንደ ጢስ የሚሄዱ መስመሮች አሏት።

ዋናው ፈተና ግን ምላጩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል አለን ልጁ፦ ደነዝ ምላጭ ወስዶ ባልታወቀ ድንጋይ ላይ ይፈትግና “ድንጋዩ አይረባም” ይላል። መጀመሪያ ምላጩን በሚታወቅ ድንጋይ እስከሚታወቅ ደረጃ ማድረስ ነው። ባለ 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ 8000 ሠራሽ ድንጋዮች አምጥቶ ነበር። በሰዓት ሠሪ ማጉያ ስናየው ስለቱ ላይ ጥቃቅን ጭረቶች ተደርድረዋል። ከዚያ ወደ አባባ ድንጋይ። ውሃ ጠብ፣ ሳይጫኑ ወደፊት፣ ወደኋላ። ውሃው ጠቆር አለ፤ ድንጋይ ሳይሆን ብረት እየተበላ ነው ማለት ነው። በማጉያው ጭረቶቹ ጠፍተው ጭጋግ የመሰለ ገጽ ቀረ። የፀጉር ዘለላ ይዘን ብናስነካው ድምፅ ሳያሰማ ቆረጠ። በመጨረሻ ታናሻችን ጉንጩን ሰጠ (ዕጣ ወጥቶበት ነው እንጂ በፈቃዱ አይደለም)። አልተቆረጠም፣ አልተቃጠለም።

ታዲያ ጃፓናዊት ናት? ጥሩ ድንጋይ መሆኗን ምላጩ መስክሯል። የትውልድ አገሯን ግን ምላጭ አይናገርም። ጃፓኖቹንም ቢሆን ወረቀት ከሌላቸው ይህ ከዚህ ጉድጓድ ወጣ ብሎ በዓይን ብቻ የሚምል ሰው አይታመንም። ልጁን እንዳለ ነገርነው። ብሩ በግማሽ ወረደ።

አባባ “የጃፓን ናት ብላችሁ እንጂ የደቻቱ ናት ብላችሁ አትሸጧትም” አለና ተቀበለን። ለቁልቢው እኛ ሦስታችን አዋጣን፤ ለታኅሣሥ 19 ይደርሳል።

ከዚያ እጁ እየተንቀጠቀጠ ድንጋይዋን ገልብጦ ያዛት። ከጎኗ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ አውራ ጣቱ ልክክ ብሎ ገባ። “አያችሁ?” አለን።

ውሃም ድንጋይን እንዲህ ይቦረቡራል። እሱን አልነገርነውም።