ሲስተር፣ ማን ፈቀደልሽ?

እኛ ነርሶች ስም አላጣንም። ሴቷን ሁሉም «ሲስተር» ይላታል፤ ወንዱን ግማሹ «ብራዘር»፣ ግማሹ «ዶክተር» ይለዋል (ማረም ከሰለቸን ቆየን)። ያጣነው በገዛ ሥራችን ላይ መወሰንን ነው።

መድኃኒት ማዘዝ አማረን ማለታችን አይደለም፤ የሐኪሙ ለሐኪሙ። ግን መነሳት ያልቻለ በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? ይህ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የኛ ሥራ ነው። እኛ በነበርንበት ዋርድ ግን በሐኪም እጅ ካርዱ ላይ ካልሰፈረ «ማን ፈቀደልሽ?» ያስብል ነበር። እኛ የምንጽፈውን ደግሞ ከኛ በቀር የሚያነበው አልነበረም።

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው አይተውታል። ነርስ ጠፍቶ ሆስፒታሎች በተጨነቁበት ጊዜ የአገሪቱ የነርሲንግ አካዳሚ ነርስ የማይለቃቸው የትኞቹ ናቸው ብሎ አጠና። በ1983 (በፈረንጆቹ) በወጣው ጥናት ከ163 ሆስፒታሎች 41ዱን «ማግኔት» አላቸው። እዚያ ያሉ ነርሶች በሥራቸው ላይ ድምፅ ነበራቸው። በኛም አገር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። መመሪያስ አለ፤ ዋርድ ውስጥ የሚያወርደው ነው የጠፋው።

እኛ በትንሹ ጀመርን። በአሥራ አምስት ቀን አንድ ሰዓት ስብሰባ ጠየቅን፤ ማትሮኗ የምትነግረን ሳይሆን እኛው የምንነጋገርበት። የመጀመሪያው በአንሶላ ጭቅጭቅ አለቀ። በሁለተኛው ግን የማገላበጫ ሰዓትና ፊርማ ያለበት ወረቀት በየአልጋው ግርጌ እንዲንጠለጠል ወሰንን። የተረኛ ርክክብም ከቢሮ ወጥቶ አልጋው አጠገብ ሆነ። አስታማሚዎች ወረቀቱን ከኛ በላይ ይከታተሉት ጀመር፤ «ሲስተር፣ ስምንት ሰዓት ሆነ እኮ!» እያሉ መቆሚያ አሳጡን። አንድ ቀን በራውንድ ላይ ሲኒየር ሐኪሙ ወረቀቱን አንስተው አነበቡና ስለ በሽተኛው የጠየቁት ሬዚደንቱን ሳይሆን እኛን ነበር። የዚያን ቀን ምሳ እንዴት እንደበላን አትጠይቁን።

ከዚያ ሮቴሽን መጣ። በአንድ ደብዳቤ ግማሾቻችን ወደ ሌሎች ክፍሎች ተበተንን፤ ስብሰባው ቀረ፣ ወረቀቱም ባዶውን መንጠልጠል ጀመረ። ሮቴሽን መጥፎ ነው አንልም፤ ድንገተኛም ማዋለጃም ማወቅ ደግ ነው። ግን ማን መቼ እንደሚዛወር ካልተጠየቅን፣ የወሰንነው ነገር ሁሉ ዕድሜው እስከሚቀጥለው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን አሁን ከወረቀቱ ወደ ሮቴሽኑ ዞሯል፦ በአንድ ጊዜ ከዋርዱ ነርሶች ከሦስት አንዱ በላይ አይነሳ፣ የተረኛ ፕሮግራሙንም እኛው እናውጣ። የተበተንነውም የቀረነውም ፈርመን አስገብተናል። መልስ አልመጣም። ማገላበጫውን ግን በሻይ ሰዓት ለአዲሶቹ አሳየናቸው፤ ወረቀት ሲያልቅ አሁን በየተራ ከኪሳቸው ፎቶ ኮፒ ያስደርጋሉ።