አባቴ የሸጠው ጠመንጃና እኔ የገዛሁት



ይቺን ጽሑፍ ከጻፍኳት ሁለት ወር አልፏታል። ልለጥፋት እልና እተዋለሁ። ምክንያቱም የምታወራው ስለ ጠመንጃ ነው። አገር ቤት በጠመንጃ ስንት እናት እያለቀሰች፣ እኔ ሚኒሶታ ቁጭ ብዬ «ጠመንጃ ስመርጥ እንዲህ ሆንኩ» ብል ማን ደስ ይለዋል? ግን የሆነው ሆኗል፤ የተማርኩት ነገር ደግሞ ለብቻዬ የሚቀር አልመስልህ አለኝ። እስቲ ታገሡኝ።

አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ባለፈው የካቲት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ፈርምልኝ።» ሳነበው የትምህርት ቤቱ የሸክላ ዒላማ ተኩስ ቡድን መመዝገቢያ ነው። በዚህ አገር «ትምህርት ቤት» እና «ተኩስ» የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ የወላጅ ሆድ ምን እንደሚሆን፣ እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ቀን አልፈረምኩም።

ጠይቄ ስረዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ የትምህርት ቤቶች ሊግ አለ። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ አንድ ላይ ይወዳደራሉ። ተኩሱ የሚካሄደው በተኩስ ክለብ ሜዳ እንጂ በትምህርት ቤት ግቢ አይደለም። የደኅንነት ኮርስ ወስዶ ምስክር ወረቀት ያልያዘ ልጅ አይገባም። ዒላማው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከዝፍት የተሠራ፣ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሳህን ነው፤ «ሸክላ» የሚባለው በልማድ ነው። ተኳሹ «ፑል!» ሲል፣ ፊት ለፊት ካለች ትንሽ ቤት ውስጥ ማሽን በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ይወረውረዋል። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ አይታወቅም። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው። የሰበርከው ይቆጠራል፤ የሳትከው ሣር ላይ ወድቆ ይቀራል። በቃ።

ፈረምኩ። ቀጥሎ «የራሴ ጠመንጃ ቢኖረኝ» መጣ። ያኔ ባለቤቴ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለ ነገር ተናገረች፦

«አባትህ ጠመንጃቸውን ሸጠው አስተማሩህ። አንተ ደግሞ ለልጅህ ኮሌጅ ያጠራቀምነውን አውጥተህ ጠመንጃ ልትገዛ?»

ነገሩ እውነት ነው። አባቴ በልጅግ ነበረው። ግድግዳው ላይ፣ ከመደቡ በላይ፣ በእንጨት ችካል ተንጠልጥሎ ነው ያደግሁት። እኔ እንድነካው አይፈቀድልኝም ነበር። በዓል ሲደርስ አውርዶ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ለቅሶ ሲሄድ በትከሻው ይዞት ይሄዳል። ጎጃም ያደጋችሁ ታውቃላችሁ፤ ጠመንጃ ንብረት ብቻ አይደለም፤ ሰው በሰው ፊት የሚቆምበት ነው። እኔ ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ክረምት ቤት ስመጣ ችካሉ ባዶ ነው። አልጠየቅሁም። አባቴም አልነገረኝም። የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ከዓመታት በኋላ።

እና እውነቱን ልናገር? ባለቤቴ ያን ስትለኝ ዝም ያልኩት ስላሳመነችኝ አይደለም። ውስጤ ያለውን ስለነካችው ነው። እኔ ለልጄ ጠመንጃ እየፈለግሁ አልነበረም። ያንን ችካል የሚሞላ ጠመንጃ ነበር የምፈልገው።

ከ1,500 ዶላር እንደማላልፍ ቃል ገብቼ ፍለጋ ጀመርኩ።

የቡድኑ አሰልጣኝ መጀመሪያ የነገረን ስለ ጠመንጃ ሳይሆን ስለ ዓይን ነው። ሁለት እጆችሽን ዘርጊ፣ በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት ሠርተሽ ሩቅ ያለ ነገር በሁለት ዓይን እዪ፣ ከዚያ አንድ አንድ ዓይን ጨፍኚ። ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ነገሩ ከክፍተቱ ጠፋ። ልጄ የምትጽፈው በቀኝ እጇ ነው፤ የሚመራት ዓይን ግን ግራው ነው። በቀኝ ትከሻዋ ስትተኩስ ዓይኗና አፈሙዙ አንድ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው። ከቡድኑ በተዋሰችው ጠመንጃ በመጀመሪያው ቀን ከ25 ሁለት ብቻ የሰበረችው፣ ትከሻዋም በልዞ የመጣችው በስንፍና አልነበረም። መፍትሔው ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነው፤ ወደ ግራ ትከሻ ትዙር። ዞረች።

አሰልጣኙ «ለጀማሪ በጋዝ የሚሠራ አውቶማቲክ ይሻላል፤ ምቱን ያለዝበዋል» አለኝ። ልክ ነው። ግን አብዛኛው አውቶማቲክ ቀለሃውን የሚተፋው ወደ ቀኝ ነው። በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው ቀለሃው በፊቱ ፊት ያልፋል። አፈሙዞቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡት ጠመንጃ ግን ከመሀሉ ታጥፎ ይከፈትና ቀለሃውን ወደ ኋላ ይለቃል፤ ለግራም ለቀኝም ያው ነው። በዚህ ተስማማን።

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴ ትንሽ ጠቀመኝ። «12 ጌጅ» ሲባል ልጄ 12 ሚሊ ሜትር መስሏት ነበር። አይደለም። አንድ ፓውንድ እርሳስ ወስደህ 12 እኩል ድቡልቡል ኳሶች ብትሠራ፣ የአንዷ ኳስ ስፋት የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፤ 20 ጌጅ ከ12 ጠባብ ነው። ብዙ ወላጅ «ለልጅ ትንሽና ቀላል ጠመንጃ» ብሎ ይገዛል። ተማሪዎቼ፣ የሞመንተም ጥበቃን አስታውሱ! ወደፊት የሚሄደው እርሳስና ባሩድ ያለውን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። የጠመንጃው ክብደት ሲቀንስ ወደ ኋላ የሚመጣበት ፍጥነት ይጨምራል። ትከሻን የሚያሳርፈው ቀላል ጠመንጃ ሳይሆን ከበድ ያለ ጠመንጃና ቀለል ያለ ጥይት ነው። በ28 ግራም ጥይት ውስጥ ከ400 በላይ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ አለ፤ ለሳህን በቂ ነው።

ክለቡ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ልጄ ስትስት አይተው ወንበራቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ። አሮጌ ጠመንጃ ስገዛ ምን እንደማይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ ቅርጻ ቅርጹን አትይ» አሉኝ። እኔ ግን አየሁ።

አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። የቆየ የአውሮፓ ጠመንጃ፣ ሰደፉ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ ዋልነት፣ ብረቱ ላይ የሚበሩ ወፎች ተቀርጸውበታል። 1,450 ዶላር። ስይዘው ልቤ ደነገጠ። አባቴ ቢያየው ምን ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። ያኔውኑ ልከፍል ነበር።

የሽማግሌው ምክር ትዝ አለኝና አስፈቅጄ መፈተሽ ጀመርኩ። አንደኛ፣ ጠመንጃው ሲዘጋ የላይኛው መክፈቻ የት ያርፋል? ብዙዎቹ አዲስ ሳሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ ይቆማል፤ እየተበላ ሲሄድ ወደ መሀል፣ ከዚያም ወደ ግራ ያልፋል። የዚህኛው ግራ ነበር። ሁለተኛ፣ የፊተኛውን እንጨት አውልቀህ፣ የተዘጋውን ጠመንጃ ሰደፉን ይዘህ አፈሙዙን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገው። ደህና ጠመንጃ እንደ አንድ ብረት ነው። ይኼ ግን ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ እንደ አሮጌ በር ማጠፊያ። ሦስተኛ፣ አፈሙዙን ፈትተህ ወደ ብርሃን አነጣጥረህ ውስጡን እይ፤ በውስጡ የሚታዩት የብርሃን ቀለበቶች ክብ ካልሆኑ ወይ ተሰርጉዷል ወይ አብጧል። ይኼስ ደህና ነበር።

እመኑኝ፣ ቀጭ ቀጭ እያለም ልገዛው ፈልጌ ነበር። «ማሠራት ይቻላል» አልኩ ለራሴ። ያቆመችኝ ልጄ ናት። ባዶነቱን ካረጋገጥን በኋላ ወደ ግራ ትከሻዋ አነሳችው። ሰደፉ ረዝሞባት ወገቧ ወደ ኋላ ተለመጠ። ከዚያም በላይ ለቀኝ ተኳሽ ተብሎ ወደ ቀኝ ጋደል የተደረገ ነውና ጉንጯ ላይ አልተቀመጠም። መልሳ አስቀመጠችውና እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ ይኼ የኔ ነው ያንተ?»

መልስ አልነበረኝም። ይዣት ወጣሁ፤ መኪና ውስጥም ብዙ አላወራንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሱቅ፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ ያገኘነው ብራውኒንግ ሲቶሪ ነው፤ ጃፓን የተሠራ። ጥቁር ቀለሙ በእጅ መያዣው በኩል ተፍቋል፤ እንጨቱ ተጫጭሯል። የቀድሞው ባለቤት ሰደፉን አስቆርጦታል፤ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ 13 ኢንች ከሩብ ብቻ። ሻጩ «የተቆረጠ ስለሆነ ገዢ አጣ» ብሎ 1,150 ዶላር ጠራ። ጉድለት ተብሎ ዋጋ ያወረደው ነገር ለልጄ ክንድ ልክ ነበር! መክፈቻው ገና ወደ ቀኝ ነው። ነቀነቅሁት፤ ዝም። ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል። ሰደፉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላጋደለም።

አንድ ነገር ብቻ አስደነገጠኝ። በማስመሰያ ጥይት ምላጩን ስስበው የመጀመሪያው «ቀጭ» አለ፤ ሁለተኛው እምቢ። ተበላሽቷል ብዬ ልተወው ስል ሻጩ ሳቀና የሰደፉን ጫፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አሁን ሳብ አለኝ። ሠራ። የዚህ ዓይነቱ ምላጭ ወደ ሁለተኛው አፈሙዝ የሚሻገረው በመጀመሪያው ተኩስ ግፊት ነው። ምት ከሌለ አይሻገርም።

ልጄ አነሳችው። ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋ ላይ ካሳረፈችው በኋላ ገለጠች፤ ዓይኗ ከአፈሙዙ መስመር ጋር አንድ ሆነ። ምንም አላለችም። ፈገግ ብቻ። የመንግሥትን ቅጽ በስሜ ሞልቼ፣ ማጣሪያውን አልፌ ገዛሁት። ቤት ያለው በካዝና ነው፤ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎበት። ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም።

በኋላ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ጆን ብራውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1926 ቤልጂየም፣ ሊየዥ ሲሞት የመጨረሻ ሥራው ይኼው አፈሙዙ የተደረበ ጠመንጃ ነበር፤ ልጁ ቫል ነው ከፍጻሜ ያደረሰው። የኛ ሰው «በልጅግ» የሚለው ጠመንጃም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከቤልጂየም ነው። የአባቴን ጠመንጃ ዘመድ ሳልፈልገው አገኘሁት፤ ያውም ተፍቆና ተቆርጦ።

የክለቡ ሕግ ላይ በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ተራዋ ካልደረሰ ጠመንጃው ሁልጊዜ ታጥፎ ተከፍቶ ነው የሚያዘው። ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ ባዶ መሆኑን ያውቃል። እኔ ባደግሁበት ጠመንጃ መጉረሱን ወይም አለመጉረሱን ባለቤቱ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ መፈራቱም ለዚያ ነው። እዚህ ልጆቹ ተሰልፈው፣ ጠመንጃቸው ተከፍቶ፣ ስለ ሒሳብ ፈተና ያወራሉ።

በመጀመሪያው ቀን በራሷ ጠመንጃ 9 ሰበረች። በወቅቱ ማብቂያ 19 ደረሰች። ባለቤቴ አንድ ቀን ጆሮ መከላከያ አድርጋ መጥታ ቆመች። «ጥሩ ነው» አላለችም። ግን ቀለሃውን አብራን ለቀመች።

አባቴ ዛሬ የለም። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

«ልጅቷ ጠመንጃ ተኮሰች? ማንን?»

«ሸክላ ነው እማዬ። ሸክላ ብቻ ነው የሚመቱት።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሰይ። እንደሱ ከሆነ ይሁን። አባትህም ቢሆን ስንት ዓመት ወለወለው እንጂ አንድ ቀን አልተኮሰበትም» አለችኝ።

ይኼን አላውቅም ነበር።

ቸር ወሬ ያሰማን። ሰላም ለሀገራችን።

(ከእናንተ መካከል ልጁ ይኼን ስፖርት የጀመረ ካለ ይጠይቀኝ፤ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ጠመንጃውን መጀመሪያ እሱ ያንሳው።)