ማንም ያልጠየቀኝ ፓስፖርት

በ2009 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤልጅየም የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ብቻዬን ከሊዬዥ ወደ ጀርመኗ አኸን በባቡር ተጓዝሁ። ድንበር ማለት ለእኔ ፍተሻና ግልምጫ ነበርና ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ፈቃዴን ጨብጬ ጠባቂ መጠበቅ ጀመርሁ። ማንም አልመጣም። ጀርመን መግባቴን የነገረኝ የጣቢያው ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ መለወጡ ብቻ ነው።

በ1914 የጀርመን ጦር ከአኸን አካባቢ ተነሥቶ የሊዬዥን ምሽጎች የደበደበው በዚሁ አቅጣጫ ዘምቶ ነው። በ1940ም ቤልጅየም ዳግም ተወረረች። እንዲህ የተፋጁት አገሮች በ1985 ሼንገን በተባለች የሉክሰምበርግ መንደር ተፈራርመው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ኬላቸውን አነሡ።

እኔ ግን መስኮቱን ተደግፌ የማስበው ስለ አገሬ ነበር። ከመሄዴ በፊት፣ በገዛ አገሬ መንገድ ላይ አንድ ፈታሽ መታወቂያዬን ተቀብሎ በመጀመሪያ ያነበበው ስሜን አልነበረም፤ «ብሔር» የሚለውን መስመር ነበር። ቀና ብሎም «የየት ሰው ነህ?» አለኝ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ባይተዋርነት በባዕድ ምድር ባቡር ላይ አላገኘሁትም።

አውሮፓን ለማሞገስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ጀርመን በ2024 በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ የተነሣ ኬላ ተመልሶ ሊቆም ይችላል። የእኛ ግን ገና አልተነሣም። ስለዚህ ተማሪዎቼ ስለ አውሮፓ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ካቴድራሎቹ ከመናገሬ በፊት በእጄ ላይ በላብ ስለ ራሰው ፓስፖርት አወጋቸዋለሁ።