ዳገት የማይወጣ ሰው ልብ

የልብ ድካም በምን ይታወቃል ቢባል፥ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት የተለመደ ነው። ዳገት ከቶ የማይወጣ ሰው ልቡ የደከመ እንደ ሆነስ በምን ይታወቃል?

ይኸን እንድንጠይቅ ያደረገን በቃሊቲ የምናውቀው የ14 ዓመት ልጅ ነው። በሽታው ዱሼን የሚባለው የጡንቻ መመንመን ነው። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን ስለሚጎድል ጡንቻ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ልብም ጡንቻ ነውና አይቀርለትም። ልጁ ግን ከተሽከርካሪ ወንበር ስለማይነሣ፥ ልቡ ሲደክም የሚያስጠነቅቀው ዳገት የለውም።

አጎቱ ከባሕር ማዶ የእጅ ሰዓት ላኩለት። ሰዓቱ በቆዳ ላይ አረንጓዴ ብርሃን እያበራ የልብ ትርታ ይቆጥራል። ማታ ማታም «ዛሬ አልተራመድህም፥ ተነሥ» ይለዋል። ልጁ ይስቃል፤ እናቱ ግን አይስቁም። አፕል የተባለው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. በእርምጃ ፈንታ የወንበር ግፊት የሚቆጥር ሰዓት አውጥቷል፤ ክንዱ ለደከመ ልጅ ግን ያም አይበቃም።

ቢሆንም መሣሪያውን አንንቅም። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ የሚንቀሳቀስ ሰው ልብ ለመመዝገብ የሠራው መሣሪያ 38 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚታዘለውም በጀርባ ነው። ዛሬ ይኸንኑ ሥራ ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ ለ14 ቀን ይሠራዋል።

ሆኖም በዱሼን ሕመም ልብ በዕረፍት ጊዜም ፈጥኖ መምታቱ የተለመደ ነውና፥ ሰዓቱ በጮኸ ቁጥር አደጋ አለ ማለት አይደለም። ዝም ቢልም ልብ ደኅና ነው አያሰኝም፤ በልብ ጡንቻ ላይ የሚወጣውን ጠባሳ አያይምና። ስለዚህ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕክምና መመሪያ፥ ምልክት ባይኖርም ልብ በየዓመቱ እንዲመረመር፥ ኢናላፕሪልን የመሰለ ክኒንም እስከ 10 ዓመት ዕድሜ እንዲጀመር ይመክራል።

እናቱ የጧት የጧቱን ትርታ ከሰዓቱ እያነበቡ በደብተር ይጽፋሉ። ሐኪሙም ከወር ወር የተለወጠውን ከዚያ ያያል።

የቴክኖሎጂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ለማይራመድ ሰው የሚሆን ሰዓት ብታስቡ ሥራ አታጡም። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ደግሞ ጉልበት አናጣም። ሚኒባሱ ወንበሩን አልጭንም ይላል፤ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ወንበሩን የሚያነሡ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ።