ዕርፍና ኤሌክትሪክ

ኤሌክትሪክ መጣ ወይስ ጠፋ ብሎ የማይጠይቅ ሰው የለም፤ በልኩ መጣ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስተማረን ላሊበላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነቱ በደረሰባት ጊዜ ከተማይቱ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆየች፤ የፀሓይ ሰሌዳና ባትሪ ያለውም ሰው ለጎረቤቱ ሁሉ ባለውለታ ሆነ። ወሬ የሚሰማበት ትንሹ ሬዲዮ የሚሞላው በ5 ቮልት ነው። ባትሪው ግን አንድ ጊዜ 12፣ አንድ ጊዜ 11 ቮልት ይሰጣል፤ ልኩን ያለፈ ኃይልም ሬዲዮውን ያቃጥለዋል።

በመካከል ሆና የምታስታርቀው ትንሿ መለወጫ ናት። በውስጧ ያለው ትራንዚስተር በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባትሪው 12 ቮልት ሲሆን ከጊዜው ከመቶ 42 ያህሉን፣ ወደ 11 ሲወርድ ደግሞ 45 ያህሉን ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህን የሚያዝ ማን ነው ቢባል፣ መለወጫዋ የምታወጣውን ኃይል ራሷ ትለካለች፤ ከተወሰነላት ልክ ጋራ ታስተያያለች፤ የጎደለውን ትጨምራለች፣ የተረፈውን ትቀንሳለች።

ይህ ብልሃት ለላስታ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ድንጋያማውን ተዳፋት ሲያርስ ዐይኑ ከትልሙ አይነሣም፤ ማረሻው ሲንሳፈፍ ዕርፉን ይጫናል፣ ሲጠልቅ ያላላል። ያልለመደ ልጅ እንደ ሆነ ግን ከመጠን በላይ ይጫናል፤ ደንግጦም ከመጠን በላይ ያነሣል፤ ትልሙም እንደ እባብ ይጠማዘዛል። መለወጫም እርማቷ ሲበዛና ሲዘገይ እንዲሁ ትዋዥቃለች። ስለዚህ መሐንዲሶች እርማቱን በሦስት መንገድ ይመጥናሉ፤ አንደኛው አሁን ባለው ጉድለት መጠን፣ ሁለተኛው እስካሁን በተጠራቀመው ጉድለት፣ ሦስተኛው ጉድለቱ በሚለዋወጥበት ፍጥነት ነው። እንደ እኛ ሐሳብ ትዕግሥተኛው ሁለተኛው ነው፤ አንደኛው ቸል የሚለውን ጥቂት ጉድለት እርሱ አይረሳምና። ሦስተኛው ቀልጣፋ ነው፤ ነገር ግን ጥቃቅን መንቀጥቀጥን ሁሉ እንደ ቁም ነገር ይቆጥራል። (እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይታጣም።)

አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ ውጤትን ወደ መነሻው መልሶ ስሕተትን የመቀነሱን ሐሳብ ለስልክ ድምፅ ማጉያ ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሥራው በጀልባ ሲሻገር ነበር፤ በእጁ በነበረው ጋዜጣ ላይም ጻፈው። እኛ ዘንድ ግን ይኸው ትምህርት በቀመር ብቻ ሲሰጥ እናያለን፤ ተማሪው ከሚያርስ አባቱ ቤት መጥቶ ሳለ ስለ ዕርፍ የሚያነሣለት የለም።

ዕቃውን ለሚገዛም ሰው መብራቱ መብራቱን ማየት አይበቃውም። ሁለተኛ አምፖል ይጨምርና የፊተኛው ይደበዝዝ እንደ ሆነ ይመልከት።