ከአዳማ እስከ ሻላ

ከኅዳር ሚካኤል በዓል ማግሥት፥ የአዳማ ሰፈሮች ኅዳር የታጠነበትን ጢስ ገና ሳያራግፉ፥ ከታላቅ እኅቴ ጋራ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች በአንድ ቀን ለመጐብኘት ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሣን። ሞጆ ደርሰን የአዲስ አበባውን ጐዳና ትተን ወደ ደቡብ በታጠፍን ጊዜ፥ ዝቋላ በስተቀኛችን ከሜዳው ብቻውን ተነሥቶ፥ ራሱን በጉም ተከናንቦ ታየን፤ እኅቴም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ከመኪናው ሳትወርድ በሩቁ ተሳልማ፥ መንገዳችን የተቃና እንዲሆን በለሆሳስ ጸለየች። በስተግራ የተንጣለለው የቆቃ ሐይቅ፥ ከኢጣልያ በተከፈለ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግድብ አዋሽን አግቶ የፈጠረው ነውና፥ ወደ ጥንታውያኑ ሐይቆች የቸኰልን እኛ ሳንቆም አለፍነው።

ዓለም ጤናንና መቂን አልፈን ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ከተማ ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። በሐይቁ ዳር አጥማጆች ቆሮሶውን እየገፈፉ ሲበልቱ፥ መላጦቹ አባ ኮዳዎች ከሰው ክንድ ሳይርቁ ቆመው የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ይጠባበቃሉ፤ እኛም ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና የተጠበሰውን ዓሣ እስክንጠግብ በላን። ማዶ የሚታየው የቱሉ ጉዶ ደሴት፥ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ እንደ ተጠለለችበት በትውፊት የሚነገርለት ደብረ ጽዮን ያለበት ነው፤ የዛይም ሕዝብ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ይዞ የኖረው በነዚሁ ደሴቶች ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ልቤን የያዘው የውኃው መንገድ ነበር። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ካታርና ከጉራጌ ደጋ የሚመጣው መቂ ዝዋይን ይሞላሉ፤ ዝዋይም የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ አሳልፎ፥ 60 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ለሚገኘው ለአብያታ ይሰጣል፤ አብያታ ግን መውጫ የለውምና የተቀበለውን ለፀሐይ ብቻ ያስረክባል። ስለዚህ በዝዋይ ዳርቻ ለአበባና ለቲማቲም እርሻ በሞተር የሚሳበው ውኃ ከአብያታ ድርሻ የሚቀነስ ነው፤ በራሱ በአብያታ ዳር የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ጨዋማውን ውኃ እየሳበ በፀሐይ ሲያደርቅ ኖሯል።

ከአዳሚ ቱሉና ከቡልቡላ ወዲያ፥ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ወዳለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ስንገባ፥ ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች በተረፉት ግራሮች ሥር ተሰማርተው፥ ከርከሮዎችም በጕልበታቸው ተንበርክከው ሣር ሲነጩ አገኘን። የተረፉት ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ የቀሩት ግራሮች ከሰል ሆነው በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው በመንገዱ ዳር ተደርድረው አይተናቸዋልና።

መንገድ መሪያችን የሆነው ስካውት፥ የዚያው አገር ተወላጅ ጐልማሳ፥ ከዳርቻው ስንቃረብ «እትዬ፥ መኪናው እዚህ ይቁም፤ መሬቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል፥ ከታች ግን ይውጣል» አላት። ጥቂት ተራምዶም ነጩን አፈር በእግሩ እየነካ፥ «እኔ ሥራ ስጀምር ውኃው እዚህ ድረስ ነበር» አለን። ከዚያች ሥፍራ እስከ ውኃው ጠርዝ፥ የተሰነጣጠቀውን ጨዋማ ደለል እየረገጥን፥ አርባ ደቂቃ ሄድን። ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ዘቅዝቀው ውኃውን በመንቈራቸው ያጣራሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ እንደሚሰማ የማኅበር ጉባኤ ነው። ከነርሱ ሌላ ግን የሚያጠምድ ሰውም፥ የዘለለ ዓሣም በዚያ ባሕር ላይ አላየሁም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም በሁለቱ ሐይቆች መካከል የቆመውን የፊቄን ተራራ ትከሻ ወጣን። በአንድ ወገን አብያታ በሰፊ ነጭ ምድር ተከቦ፥ በሌላው ወገን ሻላ 266 ሜትር ጥልቀቱን በሰማያዊ ዝምታ ሰውሮ ተኝቷል። በዚያን ጊዜ ከሰሜን በኩል ነጫጭ አዕዋፍ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በረዥም ሰልፍ መጡ። «ፔሊካኖች ናቸው» አለ ስካውቱ፤ «ጎጇቸው ሻላ ደሴት ላይ ነው።» ሻላ ዓሣ እምብዛም ስለሌለው ቀድሞ ምግባቸውን ከአብያታ ይለቅሙ ነበር፤ የአብያታ ዓሣ ከጨው ብዛት ካለቀ ወዲህ ግን እስከ ዝዋይ ይበራሉ። ቡልቡላ ተሸክሞ ማድረስ ያቃተውን የዝዋይን ሲሳይ እነርሱ በአየር ተሸክመው ለጫጩቶቻቸው ያደርሳሉ። እኅቴ ሰልፉ በደሴቲቱ ላይ እስኪወርድ ድረስ ቆማ ቈጠረች፤ 43 ነበሩ።

በዝዋይ ዳር የውኃ መሳቢያ ያላችሁ ገበሬዎችና ባለ እርሻዎች፥ የውኃ ፈቃድ የምትሰጡም ሹማምንት፥ ቡልቡላ ዓመቱን ሙሉ ወደ አብያታ የሚፈስበትን ያህል አስቀድማችሁ ለዩለት፤ ለእርሻችሁም ከዚያ የተረፈውን ቅዱ።