ሰይጣኔን አታምጣው

አንድ የጆርጂያ ሰው (የአሜሪካዋን ጆርጂያ ማለቴ ነው) አማርኛ ተምሮ አዲስ አበባ መጣ እንበል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ አልሰጥም ብሎ ተሳፋሪ ያንገላታል። ተሳፋሪው «ተው፣ ሰይጣኔን አታምጣው!» ይላል። እንግዳችን ምን ይረዳል? ይህ ሰው የግል ሰይጣን አለው። ሰይጣኑ ለጊዜው ሌላ ቦታ ነው። ሳንቲሙ ካልተመለሰለት ግን ሊጠራው ነው። እንግዳው ደብተሩን አውጥቶ ስለ ኢትዮጵያውያን መንፈሳዊ ሕይወት አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ ይጽፋል። ተሳፋሪው ግን ያለው «ልናደድ ነው» ብቻ ነው።

የጆርጂያው ሰው አገር በበኩሉ በእኛ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። አር.ኢ.ኤም. የሚባለው ባንድ የወጣው ጆርጂያ ውስጥ ካለችው አቴንስ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» የተባለውን ዘፈን ሲለቅ፣ ከዚያ አካባቢ ውጪ ያለው ዓለም ርዕሱን ሰምቶ «ሃይማኖቱን ያጣ ሰው ዘፈን» ብሎ ፈረጀው። ዜማው ጊታሪስቱ ፒተር በክ አዲስ የገዛውን ማንዶሊን ሲለማመድ የመጣለት ነው። ግጥሙ የድምፃዊው የማይክል ስታይፕ ነው። ስታይፕ እንዳስረዳው አባባሉ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ትዕግሥቱ የተሟጠጠ፣ ጨዋነቱ ሊያመልጠው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው የሚናገረው ነው። ዘፈኑም ወዶ ስላልተወደደ ሰው ነው። በአጭሩ «ሰይጣኔን ልታመጪው ነው» ማለት ይቻላል። እኛ ስንናደድ ሰይጣን ይመጣል፣ እነሱ ሲናደዱ ሃይማኖት ይሄዳል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ የካፌ ወሬ ነበር። ግን አንድ ጓደኛ አለኝ።

ይህ ጓደኛዬ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ለጥምቀት ታቦት ፊት ምንጣፍ እያነጠፈ ከጃንሜዳ የሚመለስ ልጅ ነበር። አባቱ ታመሙ። ሐኪምም ጠበልም ተሞከረ። ሱባኤ ገባ፣ ስእለት ተሳለ። አባቱ ሞቱ። ከአርባቸው በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ቀስ ብሎ ተወው። ለማንም ምንም አላለም። ብቻ ያንን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ መስማት ጀመረ። ሲጠየቅ «የኔ መዝሙር ነው» ይላል።

አንድ ቀን ከመካከላችን ሁሉን የሚያውቀው (በየጓደኛው ቡድን አንድ አይጠፋም) የስታይፕን ማብራሪያ ከኢንተርኔት አንብቦ መጣና አፈረጠው። ዘፈኑ ስለ ሃይማኖት አይደለም፣ አለቀ። ሌሎቹ ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። ከአባቱ በኋላ የተደገፈባትን አንዲት ነገር ነጥቀው መዝገበ ቃላት የሰጡት ነው የመሰለው።

ሁሉን አዋቂያችን ትክክል ነው ወይ? ስለ አባባሉ ትክክል ነው። ስለ ዘፈኑ ግን ነገሩን በግማሹ የተወው ይመስለኛል። ሰምና ወርቅ አለን ብለን የምንመጻደቅ ሰዎች ይህን ማወቅ የነበረብን ከማንም በፊት ነው። በቅኔ ቤት ወርቅ ማለት ሰሚው የፈለገውን ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ፍቺ የሚሸከም ኅብረ ቃል ግጥሙ ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለ ያወጣኸው ወርቅ ከኪስህ የመጣ ነው። እንግዲህ የስታይፕን ግጥም በዚህ እንፈትነው። ርዕሱ «ሃይማኖት» ይላል። ውስጡ ስለ ኑዛዜ ያነሳል። ቪዲዮውን የሠራው ህንዳዊው ታርሴም ሲንግ ደግሞ ከጋርሺያ ማርኬዝ አጭር ታሪክ የተወሰደ፣ ከሰማይ የወደቀ ክንፋም ሽማግሌ አስገብቶበታል። ሰሙ የፍቅር ነው፤ ቃሎቹ ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው። ሃይማኖት በሌለበት አገር ሰው ሲናደድ «ሃይማኖቴ አመለጠኝ» አይልም፤ ሰይጣን በማይፈራበት ሰፈርም ሰይጣኑን የሚያመጣ የለም። ስለዚህ ጓደኛዬ ወርቁን ከኪሱ አላወጣውም። ደራሲው ስለ ግጥሙ ጥሩ ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ከጓደኛዬ ጋር አልስማማም። «እምነቴን የተውኩት በዚህ ዘፈን ነው» ይላል። አይደለም። እምነቱ የተናጋው አባቱ አልጋ አጠገብ ነው። ዘፈኑ የሰጠው ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ በዚህ ከተማ ለእሱ ዓይነት ሰው አይገኝም። ቅዳሴ ስትቀር እናትህ መጀመሪያ የምትጠይቅህ «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» ብላ ነው። ከአንዱ ወጥተህ ሌላው ጋ ገብተህ መሆን አለበት። «ከሃዲ» የሚል ቃል አለ፣ «መናፍቅ» የሚል አለ። በሩ ላይ ቆሞ ያልወጣም ያልገባም ሰው ምን ይባላል? «ተጠራጣሪ» እንዳንል፣ አማርኛችን ይህን ቃል የሚስቱን ሞባይል ለሚበረብር ባል ሰጥቶታል። የሚገርመው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ለሚጠራጠር ሰው ቀን አላት። የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ካላየሁ ካልዳሰስኩ አላምንም ያለው ቶማስ የሚታሰብበት ነው። ቀኑን ከፋሲካ በተረፈው ዶሮ እናከብረዋለን እንጂ ስለ ቶማስ የሚያወራ ብዙም አልገጠመኝም።

አንዴ እናቱ «ይሄ ፈረንጅ ሁልጊዜ ምን እያለ ነው?» ብለው ጠይቀውት «ስለ ፍቅር ነው» አላቸው። ውሸት አልነገራቸውም። ስታይፕም የሚለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ ወደ ቤታችን የቀረበ ሌላ ዘፈን ነው። ነሐሴ 1967 ደርግ የጃንሆይን ሞት ሲያስታውቅ ጃማይካ ውስጥ ራስታዎች ላይ ተሳለቁባቸው፤ አምላካችሁ ሞተ ተባሉ። ቦብ ማርሌ በዚያው ዓመት «ጃህ ላይቭ»ን አወጣ፤ ጃህ ሕያው ነው ማለት ነው። በዘፈኑ ውስጥ የሚሳለቁትን ሰዎች፣ ዳዊት በመዝሙሩ አምላክ የለም ከሚለው ሰነፍ ጋር ይመድባቸዋል። ይህን ዘፈን ኪንግስተን መስማትና አዲስ አበባ መስማት አንድ አይደለም። እዚህ ጃንሆይ ለአንዱ ርስት የሰጡ፣ ለሌላው አያቱን ያሰሩ ንጉሥ ናቸው፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እንጂ የሚቀደስላቸው አይደሉም። አስከሬናቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቶ፣ ጥቅምት 1993 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። መቃብሩን ሄዶ ማየት ይቻላል። ጥር 1997 የማርሌን 60ኛ ዓመት ልደት ለማክበር መስቀል አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ ከመቃብሩ ብዙም አይርቅም ነበር።

ታዲያ ዘፈኑ የእምነት ነው የጥርጣሬ? እኔ ስሰማው የሚጮህ ሰው እሰማለሁ፤ ያልተጠራጠረ ሰው ደግሞ እንዲህ አይጮህም። ጭራሽ ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ማርሌ ራሱ ጥቅምት 1973 በአቡነ ይስሐቅ እጅ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። በስድስት ወሩ አረፈ። ራስታነቱን ትቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ዘፈኖቹን ለምስክርነት ይጠራሉ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ድምፅ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በአንድ የታመመ ሰው ልብ ውስጥ የሆነውን ሊነግረን አይችልም።

ስለ ጓደኛዬ ሳስብ ወደ እናቱ ዳዊት እመለሳለሁ። የግዕዙ ዳዊት ለቀናት የተከፈለ ነው፤ የሐሙስ ድርሻ ውስጥ 87ኛው መዝሙር አለ። ብዙዎቹ ምሬተኛ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ይጽናናሉ፣ ያመሰግናሉ። 21ኛው እንኳ ለምን ተውከኝ ብሎ ጀምሮ በምስጋና ይዘጋል። 87ኛው ግን አይጽናናም። ሲጮህ ይከርማል፤ መልስ ሳይመጣ፣ ወዳጅ ርቆ፣ በጨለማ ያልቃል። ከዚህ የባሰ የሮክ ዘፈን አላውቅም። ሴትየዋ ይህን በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ሳይዘሉ ይደግሙታል። ልጃቸው ግድግዳውን ተሻግሮ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ማንዶሊኑን ይሰማል። እሳቸው ሲጨርሱ መጽሐፉን ስመው ወደ ማኅደሩ ይመልሱና ቡና ያፈላሉ።